ጠመኔ፣ ቡሽና አተላ፦ ሻምፓኝ ዕድሜ ያገኘበት ታሪክ

ሻምፓኝ ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ፣ ራንስና ኤፔርኔ የተባሉ ከተሞች ያሉበት የፈረንሳይ አውራጃ ነው፤ አረፋማው ወይን ጠጅም ስሙን ያገኘው ከዚሁ አውራጃ ነው። አገሩ ብርዳም ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወይኑ ተለቅሞና ተጨምቆ በበርሜል መፍላት እንደ ጀመረ ብርዱ ይደርስበታል። እርሾው ስኳሩን በልቶ ሳይጨርስ ይተኛል፤ ፍላቱም ይቆማል። ጠማቂው ሥራው ያለቀ መስሎት በርሜሉን ይደፍናል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አየሩ ሲሞቅ ግን የተኛው እርሾ ነቅቶ የቀረውን ስኳር ይበላል፤ ወይን ጠጁም እንደ አዲስ ይንተከተካል። ለዚያ ዘመን ሰው ይህ እንከን ነበር።

ሌላም ችግር ነበረ። የሻምፓኝ ወይን ጠጅ ስስ በመሆኑ በበርሜል ብዙ አይቆይም። ከዓመት በላይ ሲሰነብት በእንጨቱ ውስጥ አልፎ የሚገባው አየር መዓዛውን ያጠፋዋል፤ ቀለሙንም ወደ ቢጫ ይወስደዋል። መላ ሆኖ የተገኘው ገና በጸደይ፣ መዓዛው ሳይጠፋ፣ ወደ ጠርሙስ ገልብጦ መድፈን ነው። አየር የማያስገባ ጠርሙስ ግን ከእርሾው የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም አያስወጣም። ጋዙ መሄጃ ሲያጣ በወይን ጠጁ ውስጥ ይሟሟል፤ ክዳኑ ሲነቀል አረፋ ሆኖ ይፈነዳል። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው አረፋ እንግዲህ የመጣው ወይን ጠጅን ከመበላሸት ለማዳን ሲሞከር ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የሦስት መቶ ዓመት ሙያ ደግሞ ያንን አረፋ ይዞ ለማቆየት የተደረገ ትግል ነው፤ የጠርሙሱ ውፍረት፣ የቡሹ ቅርጽ፣ የሽቦው አጠማዘዝ፣ የዋሻው ጥልቀት ሁሉ ከዚያ ትግል የተገኙ ናቸው።

ፈጠራው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለዶም ፔሪኞን ነው። ይህ መነኩሴ ከ1668 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1715 ድረስ የኦቪሌ ገዳም መጋቢ ነበር፤ የገዳሙ ወይን ጠጅ በእጁ ነበር። ከተለያየ እርሻ የመጣውን ወይን እየቀመሰ ማደባለቅንና ከጥቁር ወይን ነጭ ወይን ጠጅ ማውጣትን አሻሽሏል። አረፋውን ግን ይሸሸው ነበር። አረፋን የፈለሰፈ እሱ ነው የሚለው ዝና የተስፋፋው በ1821 ነው፤ የዚያው ገዳም መነኩሴ የነበረው ዶም ግሮሳር በጻፈው ደብዳቤ ምክንያት። ዶም ፔሪኞን ለሙያው የሠራው ብዙ ስለ ሆነ ያልሠራውን መደረብ አያስፈልገውም።

አረፋውን ጠርሙስ ውስጥ ሊይዙት የቻሉት አስቀድመው እንግሊዞች ናቸው፤ ምክንያቱም የማገዶ ጉዳይ ነው። ለመርከብ ሥራ የሚሆነው እንጨት እያለቀ ስለ ሄደ በ1615 ንጉሥ ጀምስ አንደኛ የብርጭቆ እቶኖች እንጨት እንዳያነዱ ከለከለ። ሮበርት ማንሰል የተባለው የባሕር ኃይል ሹም የብርጭቆውን ንግድ ጠቅልሎ ይዞ በድንጋይ ከሰል ማሠራት ጀመረ። የከሰል እሳት ከእንጨት እሳት ይበልጥ ስለሚግል የሚወጣው ጠርሙስ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴና ጠንካራ ሆነ። ከስፔንና ከፖርቱጋል የሚመጣ ቡሽም በእጃቸው ነበረ፤ በዚያው ጊዜ በሻምፓኝ ጠርሙስ የሚደፈነው ዘይት በነካው ቃጫ በተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ ነበር። ታኅሣሥ 1662 ክሪስቶፈር ሜረት የተባለ ሐኪም ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ የወይን ጠጅ ነጋዴዎች መጠጡ እንዲያረፋ ስኳርና ሞላሰስ እንደሚጨምሩበት ገልጿል። ይህ የሆነው ዶም ፔሪኞን መጋቢ ከመሆኑ ከስድስት ዓመት በፊት ነው።

በፈረንሳይ ወይን ጠጅ የሚጓጓዘው በበርሜል ብቻ ነበር። በ1728 ሉዊ 15ኛ የሻምፓኝ ወይን ጠጅ በጠርሙስ ሆኖ በቅርጫት እንዲጓጓዝ ፈቀደ። በሚቀጥለው ዓመት ኒኮላ ሩይናር የመጀመሪያውን የሻምፓኝ ንግድ ቤት አቋቋመ፤ ሞኤት በ1743፣ ክሊኮ በ1772 ተከተሉ። ጠርሙስ የንግድ ዕቃ ሲሆን መለኪያ አስፈለገው። የ1735ቱ ንጉሣዊ አዋጅ የጠርሙሱ ክብደት 25 አውንስ፣ ማለትም 765 ግራም ገደማ እንዲሆን፣ ቡሹም በሦስት ፈትል በተገመደ ሲባጎ በመስቀል ቅርጽ ከጠርሙሱ አንገት ጋር እንዲታሰር አዘዘ። ቡሹን ጠፍሮ የመያዙ ልማድ ከዚያ ወዲህ ተቋርጦ አያውቅም፤ ሲባጎው በሽቦ ተተካ እንጂ።

ጠርሙሱ ግን አሁንም አልቻለም። የሻምፓኝ ግፊት እስከ ስድስት አትሞስፌር ይደርሳል፤ ይህ የመኪና ጎማ ከሚሸከመው እጥፍ በላይ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጠርሙስ ሲታሸግ ምን ያህል ስኳር እንደ ቀረበት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስኳሩ ካነሰ አረፋ አይኖርም፤ ከበዛ ጠርሙሱ ይፈነዳል። አንዱ ሲፈነዳ ስብርባሪው ጎረቤቱን ይመታል፤ ጎረቤቱ ቀጣዩን። በ1746 አንድ ነጋዴ ካሸጋቸው 6,000 ጠርሙሶች የተረፉለት 120 ብቻ እንደ ነበሩ ተመዝግቧል። በበጋ ሙቀት ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ሠራተኛ ፊቱን በብረት ጭምብል ሸፍኖ ነበር የሚገባው። አንዳንድ ቤቶች የምድር ቤቱን ወለል ዘቅዘቅ አድርገው ቦይ ያወጡለት ነበር፤ የፈሰሰው ወይን ጠጅ እንዳይባክን። ዓመት ጠብቆ፣ ወለል ሙሉ ስብርባሪ ብርጭቆ ጠርጎ፣ የተረፈውን ይዞ ገበያ መውጣት የንግዱ ተራ ነገር ነበር፤ የመጠጡ ዋጋ እንዲያ የናረውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንን የፈታው የሻሎን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ዣን ባቲስት ፍራንስዋ ነው። በ1830ዎቹ አጋማሽ በወይን ጠጁ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚለካ ዘዴ አወጣ፤ ለሚፈለገው አረፋ ምን ያህል ስኳር ማከል እንደሚገባም በስሌት አሳየ። ዛሬ የሚሠራበት ልክ በአንድ ሊትር 24 ግራም ገደማ ነው፤ በየ4 ግራሙ አንድ አትሞስፌር ያህል ግፊት ይገኛል። ፍራንስዋ በ1838 ስለ ሞተ የሥራውን ፍሬ ለማየት አልታደለም። ልኬቱ እየተለመደ፣ የጠርሙስ ፋብሪካዎችም እየተሻሻሉ ሲሄዱ ግን ፍንዳታው ቀነሰ። ከሻምፓኝ ባለውለታዎች ሁሉ የሱን ያህል ውለታው የተዘነጋ ያለ አይመስልም፤ በስሙ የሚሸጥ ጠርሙስ የለምና።

ከመስታወቱና ከስኳሩ ቀጥሎ ቦታው ነው። ራንስ የቆመችው በነጭ ጠመኔ ድንጋይ ላይ ነው። ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ፣ በይበልጥም በመካከለኛው ዘመን፣ የከተማይቱ ሰዎች ለቤትና ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚሆን ድንጋይ ከመሬት በታች እየፈለፈሉ አውጥተዋል። አቆፋፈራቸው አፉ ጠባብ፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ነው፤ ዝናብና ውርጭ እንዳይገባና የታረሰው መሬት ከላይ እንዳይበላሽ። ድንጋዩ ሲወጣ የቀረው ባዶ ጉድጓድ ታችኛው ወለል ላይ ሆነው ሽቅብ ሲያዩት የፒራሚድ ውስጥ ይመስላል፤ ብርሃን የሚገባው ከሠላሳ ሜትር በላይ ካለች ጠባብ ቀዳዳ ነው። ለብዙ ዘመን ጥቅም አልነበረውም። በ18ኛው መቶ ዘመን የሩይናር ቤት ሰዎች ወይን ጠጃቸውን እዚያ ማስቀመጥ ሲጀምሩ ነው ዋጋው የታወቀው።

የጠመኔው ዋሻ የሚሰጠው ነገር ብዙ ነው። በበጋም በብርድም ሙቀቱ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚህ ሙቀት እርሾው ይሠራል እንጂ አይቸኩልም፤ ቀስ ብሎ የሚፈላ ወይን ጠጅ አረፋው ደቃቅ፣ መዓዛውም የረቀቀ ይሆናል። ጠመኔው ውሃ እየመጠጠ ስለሚይዝ አየሩ እርጥብ ነው፤ ቡሽ አይደርቅም። ጨለማ ነው። የመንገድ መንቀጥቀጥም አይደርስበትም። በ1868 ማዳም ፖምሪ ከባሏ የወረሰችውን ንግድ ይዛ 120 ያህል የድንጋይ ጉድጓዶችን በመተላለፊያ እንዲያገናኙላት ማስቆፈር ጀመረች፤ ሥራው አሥር ዓመት ፈጀ። ዛሬ 18 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ያ መንገድ የሚገኘው 116 ደረጃ ተወርዶ ነው፤ መተላለፊያዎቹም ደንበኞች በነበሩባቸው ከተሞች ስም ይጠራሉ። በኤፔርኔ ያለው የሞኤት ምድር ቤት 28 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮ በ2015 የሻምፓኝን ተዳፋት እርሻዎች፣ የንግድ ቤቶችና ዋሻዎች በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የጠርሙስን ሥራ የሠራ ድንጋይ ይህን ክብር ማግኘቱ ተገቢ ነው።

ጠርሙስ ውስጥ የፈላ ወይን ጠጅ የእርሾ አተላ ይተዋል። አተላው ሳይወጣ ከተሸጠ መጠጡ ይደፈርሳል፤ ወደ ሌላ ጠርሙስ ቢገለበጥ ደግሞ ጋዙ ይጠፋል። በ1805 ባሏ የሞተባት ባርብ ኒኮል ክሊኮ ለዚህ ያገኘችው ዘዴ ቀላል ነው። በ1816 ገደማ ከምድር ቤቷ ኃላፊ ከአንቷን ሙለር ጋር ሆና ጠረጴዛ አስበስታ ጠርሙሶቹን በአንገታቸው አሰካች። ሠራተኛው በየቀኑ እያንዳንዱን ጠርሙስ ጥቂት ያሽከረክረዋል፤ በየጊዜውም ይበልጥ ይዘቀዝቀዋል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሞላ አተላው ሁሉ ተንሸራትቶ ቡሹ ጋ ይከማቻል። ከዚያ ጠርሙሱ ሲከፈት ግፊቱ ራሱ አተላውን ተኩሶ ያወጣዋል። በሙያው የሠለጠነ ሰው በሁለት እጁ በቀን እስከ 40,000 ጠርሙስ ያዞር ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ 500 ያህል ጠርሙስ በአንዴ የሚያሽከረክር የብረት ሳጥን ሥራውን በሳምንት ያጠናቅቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ደግሞ የጠርሙሱን አንገት በቀዝቃዛ ጨው ውሃ ነክሮ አተላውን ከበረዶ ጋር አስይዞ ማውጣት ተለመደ፤ ከዚያ ወዲህ የሚባክነው ወይን ጠጅ ትንሽ ነው።

የማዳም ክሊኮ ቤት የሚታወሰው በሌላም ድፍረት ነው። በናፖሊዮን ጦርነት ወደቦች ተዘግተው በቆዩበት ጊዜ የ1811ን ምርት በምድር ቤት ደብቃ አቆየችው፤ በ1814 ሰላም ሲመጣ ሉዊ ቦን የተባለው ወኪሏ 10,550 ጠርሙስ ይዞ በሆላንድ መርከብ ወደ ባልቲክ ተነሣ። ጉዞው በበጋ መሆኑ ያስፈራ ነበር፤ በመርከብ ሆድ ውስጥ ያለ ሙቀት ጠርሙስ ማፈንዳቱ የታወቀ ነበርና። ኮኒግስበርግ ወደብ ሲደርስ ግን ወይን ጠጁ ጥርት ብሎ ተገኘ፤ ገበያውም ተሻማበት። አንድ ምርት ሦስት ዓመት በምድር ቤት ቆይቶ፣ ሳምንታት በባሕር ተጉዞ፣ እንዲያው ተሽሎ መድረሱ ሻምፓኝ ዕድሜ ያለው መጠጥ መሆኑን ለነጋዴዎች አስረድቷል።

ክዳኑም ታሪክ አለው። ቡሽ ሲገባ ከጠርሙሱ አንገት በጣም ይወፍራል፤ 31 ሚሊ ሜትር የሆነው ቡሽ ተጨምቆ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ሆነ አፍ ይገባል። ወደ ኋላ ለመመለስ የሚታገለው ይህ ጉልበት ነው ጋዙን የሚይዘው። ሲባጎ ይበሰብስና አይጥ ይበላው ነበር፤ በ1844 የሻሎኑ ነጋዴ አዶልፍ ዣክሶን ቡሹን ከላይ የሚጫነውን የብረት ሳንቲምና ሽቦ አወጣ። ጠርሙሱ በምድር ቤት በሚቆይበት ጊዜ የሚደፈነው ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በተራ ቆርኪ ነው፤ ቡሹ የሚገባው አተላው ከወጣ በኋላ ነው። ቡሽ ከጠርሙስ ጋር ሲቆይ መለጠጡን ያጣል። አዲስ የተደፈነ ጠርሙስ ሲከፈት ከአንገት ውስጥ የወጣው ጫፍ እንደ ጃንጥላ ይሰፋል፤ ለዓመታት የቆየው ግን ቀጥ ያለ ቀጭን ውታፍ ሆኖ ይወጣል። አንድ ጠርሙስ ለምን ያህል ጊዜ ታሽጎ እንደ ቆየ የሚጠይቅ ሰው ቡሹን አንሥቶ ቢያይ መልሱን ያገኛል።

ብርሃን የሻምፓኝ ጠላት መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1876 የሮደሬር ቤት ለሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለአሌክሳንደር ሁለተኛ ክሪስታል የተባለውን ሻምፓኝ ሲያዘጋጅ ጠርሙሱ ነጭና ግልጽ፣ ታቹም ጠፍጣፋ ሆነ። ሲተረክ እንደሚሰማው ንጉሠ ነገሥቱ ፈንጂ እንዳይደበቅበት ፈርቶ ነው። ነጭ መስታወት ግን ብርሃን አይከላከልም። በወይን ጠጁ ውስጥ ያለው ራይቦፍላቪን ብርሃን ሲመታው የድኝ ጠረን የሚያመጡ ውሕዶች ይፈጠራሉ፤ መጠጡም የተቀቀለ ጎመን ዓይነት ሽታ ይይዛል። በነጭ ጠርሙስ ያለ ወይን ጠጅ በሱቅ መብራት ሥር በአጭር ጊዜ ሊበላሽ ይችላል፤ አረንጓዴው ጠርሙስ ይሻላል፤ ቡናማው ከሁሉም ይበልጣል። ክሪስታል ዛሬም የሚሸጠው ጨረር በሚያግድ ቢጫ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው።

ዋሻ ግን ይናዳል። በየካቲት 1900 በኤፔርኔ ውሃ የጠገበው ጠመኔ ተደርምሶ የፖል ሮዤ ቤት ምድር ቤቶች በአንድ ሌሊት ተናዱ፤ 500 በርሜልና 1.5 ሚሊዮን ጠርሙስ ተቀበረ። በ2018 በዚያው ቦታ ሲቆፈር ሳይሰበሩ የቀሩ ጠርሙሶች ከፍርስራሹ ውስጥ ተገኝተዋል። ምድር ቤቱ ከተናደ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ደግሞ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ከመስከረም 1914 ጀምሮ ራንስ በመድፍ ስትደበደብ ሕዝቡ ወደ ጠመኔው ዋሻ ወረደ። ልጆች በፖምሪ ምድር ቤት ተማሩ፤ ቤተሰብ በጠርሙስ ረድፎች መካከል ምድጃ አነደደ። መድፍ እየጮኸ የተለቀመው የ1914 ወይን ከዘመኑ ምርጥ ምርቶች አንዱ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጀርመኖች በየሳምንቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ጠርሙስ ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ ቤቶች ምርጡን ምርት በውሸት ግድግዳ ጀርባ ሸሸጉት። የወይን ገበሬዎችና ነጋዴዎች የጋራ ማኅበር በ1941 የተቋቋመው ይህንን ጫና በአንድነት ለመቋቋም ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ከሙያው ጥልቅ ዕውቀቶች አንዱ የጠራው፤ እሱም ስለ አተላ ነው። የሞተው እርሾ ጠርሙሱ ውስጥ ሲቀመጥ ራሱን እያፈረሰ የዳቦና የለውዝ መዓዛ ለወይን ጠጁ ይሰጣል፤ ከክዳኑ አልፎ የሚገባውን ጥቂት ኦክስጅንም ይበላል። አተላው እስካለ ድረስ ወይን ጠጁ ቀስ ብሎ ያረጃል፤ አተላው በወጣ ማግስት ግን ጠባቂው የለም። ሲከፈት ኦክስጅን ይገባል፣ ጣፋጭ ሽሮፕ ይታከላል፣ አዲስ ቡሽ ይደፈናል፤ ሌላ ዓይነት እርጅና ይጀምራል። የቦላንዤ ንግድ ቤት መሪ ማዳም ሊሊ ቦላንዤ በ1967 ይህንን ለገበያ አዋለችው። የ1952ን ምርት ከአሥር ዓመት በላይ ከነአተላው አቆይታ፣ አተላውን ከመሸጡ ጥቂት ቀደም ብላ አስወጥታ፣ ገና ወጣት የመሰለ አሮጌ ሻምፓኝ አወጣች። ዛሬ ሕጉ ዓመት ያልተጻፈበት ሻምፓኝ ከታሸገበት ጊዜ ጀምሮ ቢያንስ 15 ወር፣ ዓመት የተጻፈበት ደግሞ ቢያንስ 3 ዓመት በምድር ቤት እንዲቆይ ያዛል። ብዙ ቤቶች ከዚህ በላይ ያቆያሉ።

ስለ ዕድሜ የተሰጠው ትልቁ ማስረጃ የመጣው ከባሕር ወለል ነው። ከፊንላንድ ዳርቻ 64 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በ1916 በጀርመን ሰርጓጅ የሰመጠችው ዮንሾፒንግ የተባለች መርከብ ተገኘች፤ በ1998 ከሆዷ የሃይድሲክ ቤት የ1907 ሻምፓኝ ወጣ፤ ብዙው ገና ሊጠጣ የሚችል ነበር። በ2010 ደግሞ በባልቲክ ባሕር፣ በኦላንድ ደሴቶች ዙሪያ ጠላቂዎች 50 ሜትር ገደማ ላይ ከሰመጠች ሌላ መርከብ 168 ጠርሙስ አገኙ። የዡግላር፣ የክሊኮና የሃይድሲክ ቤቶች ሥራ ነበሩ፤ ከ170 ዓመት ገደማ በፊት የተጠመቁ። የራንስ ዩኒቨርሲቲው ፊሊፕ ዣንዴ ከባልደረቦቹ ጋር መርምሮ ውጤቱን በ2015 አሳተመ። በአንድ ሊትር 150 ግራም ገደማ ስኳር ነበረው፤ ይህ የዚያ ዘመን ጣዕም ነው። አረፋው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። መጀመሪያ ሲከፈት የሚከረፋ፣ እርጥብ ጸጉር ዓይነት ሽታ ነበረው፤ ብርጭቆ ውስጥ ሲወዛወዝና አየር ሲያገኝ ግን የቅመም፣ የጭስ፣ የቆዳና የአበባ መዓዛ ወጣ። ኮምጣጤ አልሆነም። አንዱ የክሊኮ ጠርሙስ በ2011 በጨረታ 30,000 ዩሮ ተሸጠ።

ባሕሩ የሠራው የጠመኔውን ሥራ ነው፤ ብቻ ይበልጥ አጥብቆ። በባልቲክ ወለል ሙቀቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው፤ ጨለማው ሙሉ ነው፤ ጠርሙሱም ከውጭ በውሃ ክብደት ስለሚጫን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ጋዝ አቻ ያገኛል። ይህንን የተረዳው የክሊኮ ቤት በ2014 በዚያው በኦላንድ አካባቢ 300 ጠርሙስና ማግነም የተባሉ 50 ባለ እጥፍ ጠርሙሶች 40 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አሰመጠ፤ መንታዎቻቸው ራንስ ቀርተው ከዓመታት በኋላ ጎን ለጎን እንዲቀመሱ ነው።

ሰው በቤቱ የሚያስቀምጠው ሻምፓኝ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ የለውም። ጋዝ በክዳኑ በኩል ቀስ በቀስ ይወጣል፤ የራንሱ ፊዚክስ ሊቅ ዤራር ሊዤ ቤላየር ባልደረቦቹን ይዞ ከ25 እስከ 47 ዓመት የቆዩ ጠርሙሶችን ለክቶ እንዳሳየው፣ የሚወስነው የጠርሙሱ መጠን ነው። ክዳኑ በሁሉም መጠን አንድ ዓይነት ሲሆን ውስጡ ያለው ጋዝ ግን ይለያያልና፣ 75 ሴንቲ ሊትር ጠርሙስ አረፋ ለማውጣት የሚችለው 40 ዓመት ገደማ፣ ማግነም 82 ዓመት፣ ባለ 3 ሊትሩ 132 ዓመት ይሆናል። ይህ ስሌት ከነአተላው በምድር ቤት ለሚቆይ ነው። ተሸጦ ቤት የገባው ተራ ሻምፓኝ በሦስት አራት ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ይሻላል፤ ዓመት የተጻፈበት ጥሩ ምርት በአግባቡ ከተያዘ አሥርና ከዚያ በላይ ይሄዳል።

አግባቡም ከዋሻው የተወሰደ ነው፦ ብርድ፣ ጨለማ፣ እርጥበት፣ ጸጥታ። በሠርግ ወይም በዓመት በዓል ስጦታ ሆኖ የመጣ ጠርሙስ በሳሎን ቡፌ ላይ፣ መስኮት ከሚያበራበት ጋ፣ ለዓመታት ለጌጥ መቆም የለበትም። ሙቀት እርጅናውን ያፋጥናል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ አረፋው ይደክማል። ጠርሙሱ ቢተኛም ቢቆምም ብዙ ልዩነት የለም፤ ቡሹ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ራሱ እርጥበት የሞላው ነውና፣ ከሌላው ወይን ጠጅ በተለየ መቆም ቡሹን በቶሎ አያደርቀውም። ፍሪጅ ለቀናትና ለሳምንታት ይሆናል እንጂ ለዓመታት አይሆንም፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። በረዶ ቤት ውስጥ የተረሳ ጠርሙስ ውሃው ሲረጋ ሊፈነዳ ይችላል። ለመቅዳት ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይበቃል፤ ግማሽ በረዶ ግማሽ ውሃ በያዘ ባልዲ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ከተከፈተ በኋላ አፉ ላይ የብር ማንኪያ ማንጠልጠል አረፋ ያቆያል የሚለው ልማድ በሙከራ ተፈትኖ ከንቱ ሆኗል። በአፉ ልክ የተሠራ መድፈኛ ከፍሪጅ ጋር አንድ ሁለት ቀን ያስቆያል።

ገዢው ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ነገር ግን ለብዙ ዘመን ከጠርሙሱ ላይ ጠፍቶ ቆይቷል። ወይን ጠጁ የተመረተበት ዓመት ቢጻፍም፣ አተላው የወጣበት ቀን አይጻፍም ነበር፤ እርጅናው በሌላ መንገድ መሄድ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው። የሻምፓኝ ነጋዴው ብሩኖ ፓያር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቀኑን በጀርባ መለያው ላይ መጻፍ ልማድ አደረገው። የክሩግ ቤት ከ2011 ጀምሮ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቁጥር ያትማል፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው አተላው የወጣበትን ወቅት ማወቅ ይችላል። ሌሎችም እየተከተሉ ነው። በእነዚህ ጠርሙሶች ላይ ገዢው ቀኑን አይቶ ያሰላል፤ በሌሎቹ ላይ የሻጩን ቃል ማመንና ቡሹ ሲወጣ ማየት ይቀረዋል።